የእታለም ጋኔን

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ ግቢ፣ የፈረንጆችን የድሮ ልቦለድ ማስተማር ከጀመርኩ ቆየሁ፤ በተለይ የአሥራ ዘጠነኛውን ክፍለ ዘመን። በየዓመቱ ከተማሪዎቼ ጋር የምንጨቃጨቅበት አንድ ሳምንት አለ። የእብድ ሴቶቹ ሳምንት እለዋለሁ። ያን ዘመን የጻፉት ፈረንጆች እብድ ሴት አትጠፋቸውም። አንዷ ፎቅ ላይ ተቆልፎባታል፤ አንዷ ዕረፍት ያስፈልግሻል ተብላ መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ተጋድማለች፤ ሌላዋን ባሏና ሐኪሙ ተማክረው ሰው ወደማያያት ቦታ ልከዋታል። ተማሪዎቼ ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ "በሽታዋ ምንድን ነው?" ብለው ነው። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ እናደዳለሁ። መጀመሪያ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ ንገሩኝ፣ ስለ በሽታዋ ከዚያ በኋላ እናወራለን እላቸዋለሁ።

ዘንድሮ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አወጣና "መምህር፣ ግን እኮ እውነትም ታማ ሊሆን ይችላል" አለኝ። ልጁ አልተሳሳተም። ስላልተሳሳተ ነው መሰለኝ የበለጠ ያናደደኝ። ያን ዕለት መጽሐፉን ዘጋሁና የአክስቴን ነገር ነገርኳቸው። እዚያ በጥድፊያ ያወራሁትን ነው አሁን ረጋ ብዬ የምጽፈው።

አክስቴ የሻሽወርቅ ትባላለች። የአባቴ ታናሽ እህት ናት፤ እኛ ልጆቹ እታለም እንላት ነበር። ባሏ ገና በወጣትነቱ ስለሞተ፣ ከአንድ ልጇ ከመርስዔ ኀዘን ጋር እኛው ግቢ ውስጥ በምትገኝ ትንሽ ቤት ትኖር ነበር። አባቴ መምሬ ወልደ ሐዋርያት ቄስ ናቸው። ሐይቁ ዳር ካለችው ቤተ ክርስቲያን ይቀድሳሉ፣ እዚያው ካለው ጠበልም ያጠምቃሉ። ጠዋት የፋብሪካው ጡሩምባ ሲጮህ ሠራተኛው በብስክሌት ይጎርፋል፤ እኔ ደግሞ ማገዶና ደንገል የጫኑ ታንኳዎች ዳር ሲይዙ ለማየት ወደ ውኃው እሮጣለሁ። ስምንት ዓመት አይሞላኝም ነበር።

መርስዔ ኀዘን የቴክኒክ ተማሪ ነበር። ሲስቅ ትከሻው የሚንቀጠቀጥ ቀጭን ረጅም ልጅ። ትከሻው ላይ አስቀምጦ ጉማሬ ያሳየኛል፣ ጉማሬ በሌለበት ቀን ደግሞ ድንጋይ እያሳየ ጉማሬ ነው ብሎ ያታልለኛል። ያ 1970 ዓመተ ምሕረት ነው። ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማውራት ለምዶ ነበር፤ እናቴ የጨው ዋጋ ስትጠይቅ እንኳ ታንሾካሹክ ነበር። አንድ ምሽት መርስዔ ኀዘን ሳይመጣ ቀረ። ስጠይቅ እናቴ "ሱዳን ሄዷል፣ ለማንም እንዳትናገሪ" አለችኝ። ሱዳን የት እንደሆነ አላውቅም። ከሐይቁ ማዶ፣ ታንኳ የማይደርስበት ቦታ ይመስለኝ ነበር።

ጥቂት ቀን ቆይቶ አንድ ጠዋት አባቴና አብሯቸው የሚቀድሰው ዲያቆን አበራ እታለምን ግራና ቀኝ ይዘው አመጧት። እግሯ መሬቱን እየጎተተ ነበር። አባቴ ጋቢያቸውን አውልቀው አፏ ላይ ጠቅልለውታል። ከጋቢው ሥር የሚወጣውን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ የሰው ድምፅ አይመስልም ነበር። በሩ ላይ ለቆሙት ጎረቤቶች አባቴ ደጋግመው "አሟት ነው፤ የቆየ ነገር አለባት፤ ዛሬ ተነሣባት" ይሏቸዋል። ጎረቤቶቹ "እግዚአብሔር ይማራት" ይሉና መሬት መሬት ያያሉ። በእኛ ሰፈር "የቆየ ነገር" ማለት ጋኔን ነው። ይህን ለማወቅ የቄስ ልጅ መሆን አያስፈልግም።

የዚያን ጠዋት እውነት የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው። ከድልድዩ መዳረሻ፣ መንገድ ዳር ሬሳ ተጥሎ ነበር። እታለም ገበያ ስትሄድ አየችው። ጎንበስ ብላ ፊቱን በነጠላዋ ጠረገችለትና ማልቀስ ጀመረች። በዚያ ወቅት ፀረ አብዮት ተብሎ ለተገደለ ሰው ማልቀስ በራሱ ፀረ አብዮትነት ነበር፤ ለቅሶ መቀመጥ ክልክል፣ ፍትሐት ክልክል፣ ሬሳ ማንሣትም ክልክል። ጠባቂዎቹ ጠመንጃቸውን ሲያነሡ ከቅዳሴ የሚመለሱት አባቴ ደረሱ። "ልጆቼ፣ እብድ ናት፤ ከድሮም ጋኔን አለባት፤ እሱም ልጇ አይደለም" አሏቸው። ሕይወቷን ያተረፉት አባቴ ናቸው። ይህን አልክድም።

ግን ውሸት አንዴ ከወለዱት ቀለብ ይፈልጋል። እብድ ናት ከተባለች እንደ እብድ መያዝ ነበረባት፤ ጎረቤት ያያል፣ ቀበሌ ያያል። ከጓዳችን ጀርባ እህል የምናስቀምጥባት ክፍል ነበረች። ጆንያዎቹ ወጡና እታለም ገባች። መስኮቷ ወንፊት የምታህል ናት። አባቴ በሩ ላይ ቁልፍ አበጁለት፤ መክፈቻውንም ከአንገት መስቀላቸው ጋር በአንድ ክር አንጠለጠሉት። ሲቀድሱም፣ ሲበሉም፣ ሲተኙም አንገታቸው ላይ ነበር።

ምግብ የማቀብለው እኔ ነበርኩ። በሩ ሥር ክፍተት ነበረ፤ ሳህኑን በእሱ አስገባለሁ። እናቴ "ጠጋ አትበዪ፣ አፍሽንም ዝጊ፤ ሲወጣ ቅርብ ያገኘው ላይ ነው የሚሰፍር" ብላ አስጠንቅቃኛለች። ስለዚህ ሳህኑን በእግሬ ገፋ አደርግና እሮጣለሁ። አንዳንዴ ግን ጆሮዬን ግድግዳው ላይ አድርጌ አዳምጥ ነበር። እታለም ከግድግዳው ጋር ታወራለች። አንዳንዴ ጭንቅላቷን ከግድግዳው ጋር ታላትማለች፤ ድም ድም የሚል ድምፅ ይሰማል። ሽሮውን ሳትነካው ትመልሰዋለች። አንድ ቀን ሳህኑን በሩ ላይ ወርውራ ሰባበረችው።

እንግዲህ ያ ተማሪዬ ያለውም ይህን ነው። እታለም ደህና ነበረች አልልም። እንቅልፍ አጥታ ነበር፣ ፀጉሯን ትነጭ ነበር፣ አካሏ አልቆ ነበር። ልጁን መንገድ ዳር ያየ፣ እንዳያለቅስ አፉ ላይ ጋቢ የተጠመጠመበት፣ ከዚያም ጨለማ ክፍል የተቆለፈበት ሰው ደህና ቢሆን ነው የሚገርመኝ። አገር ሁሉ ዝም ባለበት ቦታ ጤና የሚባለው የቱ እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ የሚያውቅ ካለ ይምጣና ያስተምረኝ።

ጾሙ ሲፈታ ወደ ጠበል ልትወሰድ ተወሰነ። እግሯ ላይ ሰንሰለት አደረጉላትና በማለዳ ወጣን። ጠበሉ ቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ፣ ትልቅ ሾላ ሥር ነው፤ ውኃው ከድንጋይ መካከል ይወርዳል፣ ሐይቁ ደግሞ እዚያው ከእግር ሥር አለ። የእምነት አመድና እርጥብ ደንገል ይሸታል። ሴቶቹ በአንድ ወገን ነጠላቸውን ተከናንበው ተራ ይጠብቃሉ። የሚጮኸው ይጮኻል፣ የሚወድቀው ይወድቃል፤ እዚያ ጩኸት ማንንም አያስደነግጥም። እኔ የእናቴን ቀሚስ ይዤ በዓይኔ ብቻ አያለሁ።

ደንቡን ለማያውቅ ልንገር። ጋኔን ያለበት ሰው ሲጠመቅ ካህኑ መስቀል ግንባሩ ላይ አድርጎ ይጠይቃል፤ የሚጠይቀው ሰውየውን ሳይሆን ጋኔኑን ነው። ጋኔኑም ስሙን፣ የት እንዳገኘውና ለምን እንደያዘው ይናዘዛል። በመጨረሻ "ወጥቻለሁ" ብሎ ይጮኻል። ያን ቃል ሲል ሰንሰለቱ ይፈታል፣ ሰውየው ወደ ቤቱ ይገባል። ቃሉን እስኪል ግን ሰንሰለት ነው።

አባቴ መስቀሉን እታለም ግንባር ላይ አደረጉ። ዲያቆን አበራ ውኃውን በጣሳ እየቀዳ ያፈስባታል።

"ስምህ ማነው?" አሉ አባቴ።

አበራ ሌላ ጣሳ አፈሰሰባት።

"በመስቀሉ ኃይል ተናገር። ስምህ ማነው?"

እታለም ቀና አለች። ውኃው ከፀጉሯ ወደ አፏ እየወረደ "መርስዔ ኀዘን" አለች።

የአበራ ጣሳ አየር ላይ ቀረ። ሌሎቹ ሴቶች ግን እየሰሙ ስለነበር ደንቡን ማቋረጥ አይቻልም።

"የት አገኘሃት?"

"ከድልድዩ ዳር። ተጋድሜ አገኘችኝ።"

"ለምን አትለቃትም?"

"አልተለቀሰልኝማ" አለች እታለም።

ነገሩን ባለኝ እውቀት ደማመርኩት። መርስዔ ኀዘን ሱዳን ሄዷል፤ አሁን ደግሞ ጋኔን ሆኖ እናቱ ላይ ሰፍሯል። ስለዚህ ሱዳን የሄደ ሰው ጋኔን ሆኖ ይመለሳል ማለት ነው። ያ ትከሻው ላይ የሚያስቀምጠኝ ልጅ! ከእታለም ከወጣ ደግሞ ማን ላይ እንደሚሰፍር ግልጽ ነው፤ ከሁሉም አብልጦ የሚያውቀው እኔን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱ እንዳይወጣ የምጸልይ በዚያ ቤት እኔ ብቻ ነበርኩ።

በማግስቱ ከእናቴ ደብቄ ሽምብራ ቆሎ በእፍኜ ይዤ ሄድኩና በበሩ ሥር ከተትኩ።

"መርስዔ" አልኩት፣ "ይኸው ቆሎ። ወደ እኔ ግን አትምጣ፣ እሺ?"

ከዚያ እታለም በበሩ ማዶ ስትቀመጥ ሰማኋት። በክፍተቱ ጣቶቿ ብቻ ይታዩኝ ነበር፤ ቆሎውን አንድ አንድ እያለች ትለቅማለች።

"አይመጣብሽም፣ አደይ" አለችኝ፣ እንደ ድሮው አቆላምጣ። "ይወድሽ ነበር።"

"ከወደደኝ ለምን ጋኔን ሆነ?"

"እሱን አባትሽን ጠይቂያቸው።"

አልጠየቅኳቸውም። "ነበር" ያለችውንም ያኔ ልብ አላልኩትም።

ከዚያ በኋላ በጠበሉ ቦታ አዲስ ነገር መጣ። ጎረቤታችን ወለተ ኪዳን ፈትል የምትሸጥ ዝምተኛ ሴትዮ ነበረች። ወገቧን አሟት ለመጠመቅ ትመጣ ነበር እንጂ ጋኔን አለባት ተብሎ አያውቅም። መስቀሉ ሲነካት ድንገት ጮኸች። ስምህ ማነው ስትባል "አንዳርጋቸው" አለች። አንዳርጋቸው ትልቁ ልጇ ነው። እሱም ሱዳን ነበር የሄደው። በሚቀጥለው ጊዜ ሙሉነሽ የምትባል የፋብሪካ ሠራተኛ ወድቃ "አገኘሁ ነኝ" አለች፤ የታናሽ ወንድሟን ስም። ከየት አገኘሃት ስትባል ከየትኛው አጥር ሥር እንደሆነ፣ ምን እንደለበሰ፣ ማን እንደተኮሰበት ሁሉ ተናገረች። ሌሎቹ ሴቶች ደረታቸውን እየመቱ አብረዋት ያለቅሳሉ፤ ሰው ሲያያቸው ለጋኔኑ የሚያለቅሱ ይመስላል። ክረምቱ ሳይገባ የባሕር ዳር አጋንንት ሁሉ ወይ የቴክኒክ ተማሪ ወይ የፋብሪካ ሠራተኛ ሆነው አረፉት።

እኔ የገባኝ ወረርሽኝ መሆኑ ነው። አሁን ሳስበው በዚያች ከተማ ሰው ስም ጠርቶ የሚያለቅስበት ቦታ እሱ ብቻ ነበር። ቀበሌው ሰው ያስራል፤ ጋኔንን ግን ለማሰር የወጣ አዋጅ የለም። እታለም ይህን አስባበት ይሁን ወይም ከሐዘኗ ብዛት እንዲሁ ከአፏ ይውጣ፣ ኋላም ጠይቄያት አልነገረችኝም። ትስቅ ነበር።

እናቴ ግን ፈራች። እራት ላይ "መምሬ፣ እኛንም ያስጨርሱናል እኮ። ዝም ያሰኟቸው" አለቻቸው።

"ምን ብዬ?" አሉ አባቴ። "ጋኔን ስሙን አይናገር ልበል?"

"ጋኔን አለመሆኑንማ እርስዎም ያውቁታል።"

አባቴ እጃቸውን ከገበታው ሰበሰቡ። በማግስቱ ወደ እታለም ክፍል ሲሄዱ ተከትዬ ከጓዳው በር ጀርባ ቆምኩ። በሩን ከፍተው ደፉ ላይ ተቀመጡ።

"የሻሽ፣ አንድ ቃል ናት" አሏት። "ወጥቻለሁ በዪልኝ። ሴቶቹ ፊት አንዴ በዪልኝና ይህን መክፈቻ ዛሬውኑ ሐይቅ እጥለዋለሁ።"

"ማን ነው የሚወጣው፣ ጋሼ?"

"ቃል ብቻ ነው እኮ።"

"ያን ለት 'ልጇ አይደለም' አሉ። ሰምቻለሁ፤ አፌን እንጂ ጆሮዬን አልሸፈኑትም። አሁን ደግሞ እኔው በአፌ ላስወጣልዎት?"

"አንቺን ላተርፍ ብዬ ነው።"

"አትርፈውኛል" አለች እታለም። "ምኔን እንዳተረፉ እስቲ ይዩት።"

አባቴ አላዩም። ቆልፈው ሄዱ። እኔ እፎይ አልኩ፤ መርስዔ ኀዘን እንደማይወጣ ሰምቻለሁና።

ደሞዝ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ደሞዝ የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ አዛዥ ነበር። ሹም ከመሆኑ በፊት ግን እኛ ግቢ ከመርስዔ ኀዘን ጎን ተቀምጦ ከአባቴ ዳዊት የደገመ፣ የእናቴን እንጀራ የበላ ልጅ ነው። ያን ማለዳ ሁለት ታጣቂ አስከትሎ ወደ ጠበሉ ወረደ። ሴቶቹ እንዳዩት ጸጥ አሉ፤ አጋንንቱም ጸጥ አሉ።

"የኔታ" አለ፣ ልማድ ሆኖበት። ከዚያ "ጓድ ወልደ ሐዋርያት" ብሎ አስተካከለው። "እዚህ ቦታ ጋኔን የፀረ አብዮት ስም እየጠራ ነው አሉ።"

"ጋኔን ይለፈልፋል፣ ደሞዝ" አሉ አባቴ። "ድሮም ታውቀዋለህ።"

"የጀመረችው እህትዎ ናት ተብሏል። ጋኔን ካለባት ዛሬ እኔ ፊት ያስወጡት። ወጥቻለሁ ይበልና ሁላችንም እንረፍ። ጋኔን ከሌለባት ደግሞ ያለቀሰችው ራሷ ናት ማለት ነው።" ቀጥሎ ምን እንደሚሆን አልተናገረም። የታጣቂዎቹ ጠመንጃ ይታይ ነበር።

እኔ ሾላው ጀርባ ሄጄ አፌን በሁለት እጄ ያዝኩ። ዛሬ እንደሚወጣ ገባኝ።

እታለም ውኃው ሥር ተንበርክካለች፣ ሰንሰለቱ ድንጋዩ ላይ ተዘርግቷል። አባቴ መስቀሉን ግንባሯ ላይ አደረጉ።

"ስምህ ማነው?"

እታለም እጇን አነሣች። የአባቴን እጅ ከነመስቀሉ ይዛ መጀመሪያ መስቀሉን ተሳለመች፤ ከዚያ ቀስ አድርጋ ከግንባሯ ላይ አወረደችው። ተነሥታ ቆመች። ከዚያ በፊት ጠበል ቦታ ስትናገር ድምፅዋ የተሰነጠቀ ነበር። አሁን ግን ድሮ "አደይ፣ ነይ ብዪ" የምትልበት ድምፅዋ ነበር።

"ጋሼ፣ እኔ ነኝ። የሻሽወርቅ ነኝ። ምንም የለብኝም።"

"የሻሽ" አሉ አባቴ፣ ልመና ነበር።

"አላበድሁም። ልጄ ሞቶብኝ አለቀስሁ እንጂ።" ወደ ደሞዝ ዞረች። "መርስዔ ኀዘን ልጄ ነው። ታውቀዋለህ፣ አብራችሁ ነው ያደጋችሁ። ከድልድዩ ዳር እንደ ውሻ ጣላችሁት። ማልቀስም ከለከላችሁኝ። ዛሬ አለቅስለታለሁ።"

ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው አዘቅዝቃ ለበሰችው። ደረቷን መታችና ሙሾ አወጣች።

"ሱዳን ነው አላችሁ ልጄን የሸኙት፣
ድልድዩ ዳር ኖሯል ሱዳን የሚሉት።"

ሴቶቹ ተቀበሏት። መጀመሪያ ወለተ ኪዳን ነጠላዋን አዘቀዘቀች፣ ቀጥሎ ሙሉነሽ፣ ከዚያ ማን ማን እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። እናቴ ስታለቅስ ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት። ማንም አልወደቀም፣ ማንም አልተንፈራገጠም። እንደ ሰው ነበር የሚያለቅሱት።

ደሞዝ ፊቱ ጠቁሮ ወደ አባቴ ቀረበ። ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ እኔ ግን ቅርብ ስለነበርኩ ሰማሁት።

"የኔታ፣ እብድ ናት ይበሉኝ። እብድ ናት ካሉኝ ከነሰንሰለቷ ወደ ቤት ትገባለች። ጤነኛ ናት ካሉኝ ይዣት እሄዳለሁ፤ የት እንደምወስዳት ያውቃሉ።"

እታለም ይህንን ስትሰማ ለቅሶዋን አቋረጠች። ደሞዝን አላየችውም። የምታየው ወንድሟን ነበር። ፊቷ ላይ ፍርሃት አልነበረም፤ የሆነ ነገር ትጠብቅ ነበር። አባቴ ቀና አሉ።

"እህቴ ጤነኛ ናት" አሉ።

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። እብድ ናት ቢሉ እኮ ቤት ትገባለች። ሽምብራ ቆሎ አቀብላት ነበር። አባቴ በገዛ አፋቸው እታለምን አሳልፈው ሰጧት ብዬ አሰብኩ፤ ለብዙ ወራትም ያዝኩባቸው። ያን ቀን በዓይኔ ያየሁትን እያወቅኩ ነው ያዝኩባቸው። ጎንበስ ብለው ሰንሰለቷን ሲፈቱ አይቻለሁ። ጭቃ የነካውን እግሯን በነጠላቸው ጫፍ ሲጠርጉላት አይቻለሁ።

ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞሩና ፍትሐት ጀመሩ።

ድምፃቸው መጀመሪያ ዝግ ያለ ነበር። "ነፍሰ ገብርከ ወልደ ገብርኤል" ሲሉ ግን ሐይቁ ዳር ያሉ ታንኳ ቀዛፊዎች እስኪሰሙ ድረስ ከፍ አደረጉት። ወልደ ገብርኤል የመርስዔ ኀዘን የክርስትና ስሙ ነው። እኔ የቄስ ልጅ ነኝ፤ ለጋኔን ፍትሐት እንደማይደረግ አውቃለሁ። ፍትሐት የሚደረገው ለሞተ ሰው ነው። እጄን ከአፌ ላይ አነሣሁ። ሱዳን የሄደ፣ ጋኔን የሆነ፣ ወደ እኔ ሊመጣ የሚችል ማንም አልነበረም። ትከሻው ላይ የሚያስቀምጠኝ ልጅ ሞቶ ነበር። እኔም እየጮህኩ አለቀስኩ፤ በዚያ ቦታ ማንም ዝም በዪ አላለኝም።

ደሞዝ አባቴ እስኪጨርሱ ድረስ ቆሞ ጠበቀ። ለምን እንደጠበቀ አላውቅም። ደግ ነበር ብዬ ልጽፍለት አልፈልግም፤ ያን ሁሉ ሴት ፈርቶ ይሆናል፣ ዳዊት የደገመበት ጆሮው አስሮት ይሆናል። ሲያበቃ ሁለቱንም ይዟቸው ሄደ። እታለም ከፊት፣ አባቴ ከኋላ፣ ሽቅብ ወደ ከተማው። እግሯ ሰንሰለት ስላልነበረበት ፈጠን ብላ ነበር የምትሄደው። ታጣቂዎቹ "ቀስ በዪ" ሲሏት ሰማሁ።

አባቴ ለመስቀል ተፈቱ። ፀጉራቸው ነጥቶ፣ ጆሯቸው በአንድ ወገን አልሰማ ብሎ መጡ። ገብተው ገና ሳይቀመጡ የእህሉን ቤት በር ከነማጠፊያው ነቅለው አወጡትና ለማገዶ ፈለጡት። ከዚያ በኋላ ያ ክፍል በር ኖሮት አያውቅም። ስለዚያ ቀን ሰው ሲጠይቃቸው "እውነቱን ተጠየቅሁ፣ እውነቱን ተናገርሁ" ብቻ ይሉ ነበር። እታለምን ግን አሳሪዎቹ ከእሳቸው የበለጠ አቆይተዋታል። ስትመለስ ከስታ ነበር፣ ጥርሶቿ ረግፈው ነበር። ቢሆንም ቤት እንደገባች እንጀራ ጠየቀች፤ በላች፤ ተኛች። ሲነጋ ተነሥታ የልጇን ተዝካር መቼ እንደምታወጣ አባቴን ጠየቀቻቸው። ለቀበሌው ሳይነገር፣ ሳይደበቅም ተዝካሩ ወጣ።

ለማወቅ የፈለግኩትን የጠየቅኳት ዓመታት አልፈው፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ለዕረፍት ስመጣ ነው። ደርግ ገና አልወደቀም ነበር። ሐይቁ ዳር ተቀምጠን አሣ እየጠረግን፣ በዚያ ዓመት ያነበብኩትን የፈረንጅ ልቦለድ ተረኩላት፤ ፎቅ ላይ ስለተቆለፈባት ሴትዮ። እጇን ሳታቋርጥ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

"ለመሆኑ" አለች፣ "ከዚያ ሁሉ ሰው ወደዚያ ፎቅ ወጥቶ፣ ምን ሆነሽ ነው ያላት አለ?"

አሰብኩት። "የለም" አልኳት።

"እንዴት ያለ ነገር ነው። ያን ያህል ወፍራም መጽሐፍ።"

ያኔ ደፈርኩ። "እታለም፣ የትኛው ይከፋ ነበር? የእኛ ጓዳ ነው እስር ቤቱ?"

አሣውን አስቀመጠችና እጇን በውኃው ታጠበች። "እስር ቤት ክፉ ነው። መትተውኛል። ሰው ከአጠገቤ ወስደው ገድለዋል። እንዳትሳሳቺ" አለችኝ። "ግን የገባሁ ለት አንድ ወታደር፣ ክፉ የሚሉት ወታደር ነው፣ 'አንቺ ደግሞ ምን አድርገሽ ነው?' አለኝ። 'ልጄን አልቅሼ' አልሁት። ሰደበኝ። ቢሆንም ጠይቆኛል፣ የመለስሁለትንም ሰምቷል።"

ነጠላዋን አስተካከለችና ቀጥ ብላ አየችኝ።

"ከእናንተ ቤት ስንት ጊዜ ሳህን ገፋችሁልኝ፣ ስንት ጊዜ ጠበል አፈሰሳችሁብኝ። ጋኔኑን ጠይቃችሁታል፤ ስሙን፣ የመጣበትን፣ የሚወጣበትን። እኔን ማን ጠየቀኝ?"